የቧንቧ ውሃ ቀጥታ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም? ኑ እንከራከር

ጠያቂው፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ከወዳጄ ጋር በውሃ ልንጣላ ምንም አልቀረንም። እሱ የከተማ ውሃ አንዴ ከታከመ ታከመ ነው፣ ከቧንቧ ቀድቶ የማይጠጣ ዝም ብሎ የሚቀናጣ ነው ባይ ነው። እኔ ደግሞ ሳይፈላ በአፌ አይዞርም። እናንተስ? "እድሜ ልኬን ጠጥቼ ምን ሆንኩ" የሚል መልስ ብቻ እባካችሁ ይቅርብኝ።

ጥሬ ሀቅ፦ እድሜ ልኬን ጠጥቼ ምን ሆንኩ? (ይቅርታ፣ አላስቻለኝም።) ቁም ነገሩን ላውራ። ክሎሪንን ሰው ይሰድበዋል እንጂ ታይፎይድን ከስንትና ስንት ከተማ ያስወጣው እሱና ማጣሪያው ናቸው። በፈረንጆቹ 1908 ጀርሲ ሲቲ የምትባል የአሜሪካ ከተማ ውሃዋ ላይ ያለማቋረጥ ክሎሪን መጨመር ስትጀምር ነገሩ ፍርድ ቤት ሁሉ ደርሶ ነበር፣ ኋላ ግን ሌሎቹም ተከተሏት። ያ የሚያስጠላችሁ ሽታ ዘበኛችሁ ነው እያልኩ ነው።

ላብራቶሪዋ፦ @ጥሬ ሀቅ ልክ ነህ፣ ግን ግማሹን ነው የነገርከን። ማጣሪያ ጣቢያው በር ላይ የተለካው ውሃና አንተ ብርጭቆ ውስጥ ያለው አንድ አይደሉም፣ መሃል ላይ ስንት ኪሎ ሜትር ፓይፕ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ሰው ጋ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን (ከጣቢያው ተጨምሮ መንገድ ላይ ሳያልቅ የተረፈው) ይኑረው ይላል፣ እስከ 5 ድረስ ደግሞ ለጤና አያሰጋም ስለሚል ሽታ የምትፈሩ ተረጋጉ፣ እኔ የምፈራው ጭራሽ የማይሸተውን ነው። ደግሞ ክሎሪን ሁሉን አይገድልም። በፈረንጆቹ 1993 አሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባል ክሎሪን የማይበግረው ተውሳክ ማጣሪያውን አልፎ ወደ 400,000 የሚጠጋ ሰው ታሟል፣ ክሎሪን ሳይቋረጥ።

የቧንቧ ሰው፦ እኔ እጄ በዚህ ሥራ ውስጥ ስላለ ልናገር። ሁላችሁም ስለ ክሎሪን ታወራላችሁ፣ ዋናው ነገር ግን ፕሬዠር ነው። ፓይፕ ሁልጊዜ ሙሉ ከሆነና ግፊት ካለው ቢሰነጠቅም ውሃ ወደ ውጪ ነው የሚፈሰው፣ ብክነት ነው ግን አይበክልም። ውሃው በፈረቃ ሲሆንስ? ሲዘጋ መስመሩ ባዶ ይሆናል፣ ያቺ ስንጥቅ አሁን በተቃራኒው ትስባለች፣ ከጎኗ ምን አለ ብላችሁ አስቡ፣ ስንት ቦታ ነው የፍሳሽ መስመርና የውሃ መስመር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተው ያየሁት። ውሃው ሲመለስ ያንን ሁሉ ጠራርጎ ይዞ ይመጣል፣ መጀመሪያ የምታዩት ቡናማ ነገር ባብዛኛው ዝገት ነው፣ እሱ እንኳ ይታያል። ይባስ ብሎ ሞተር ቀጥታ ከመንገዱ መስመር ላይ የሚገጥም አለ፣ የጎረቤቱን ድርሻ ብቻ መሰላችሁ የሚስበው? ቆሻሻውንም ነው ለሰፈሩ ሁሉ የሚጎትተው። (በነገራችን ላይ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ መጥቶ ከስር ወደ ላይ እየጠራ የሚሄድ ውሃ አየር ነው፣ በሱ አትደንግጡ።)

ጥሬ ሀቅ፦ @የቧንቧ ሰው እሺ፣ እሱን ተቀበልኩ። ውሃ 24 ሰዓት የማይቋረጥበት ቤት ግን ምን ሊባል ነው? አምስተርዳም እኮ መጨረሻ ላይ ክሎሪን ሳይጨምሩ ነው የሚያጠጡት።

የቧንቧ ሰው፦ ታዲያ ያንተው ምሳሌ ለኔ መሰከረ! ያለ ክሎሪን የሚያጠጡት ፓይፓቸው ስለማያንጠባጥብና ግፊቱ ስለማይወርድ ነው።

የልጆች እናት፦ እኔ ይሄን ሁሉ ሳይንስ አላውቅም፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ አፈላለሁ አበቃ። ለምን ሙግት እንደሚሆን አይገባኝም።

ላብራቶሪዋ፦ እህቴ ለጀርም ከሆነ ደግ አደረግሽ፣ 1 ደቂቃ መንተክተኩ ይበቃል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ 3 ደቂቃ አድርጊው። ግን እርሳስ (መርዛማው ብረት) ወይም እንደ ናይትሬትና ፍሎራይድ ያለ ኬሚካል ያለበት ውሃ ሲፈላ አይጠራም፣ ውሃው ተኖ ስለሚቀንስ እንደውም እየጠነከረ ነው የሚሄደው። የሸክላ ማጣሪያም ባክቴሪያ እንጂ ፍሎራይድ አይይዝም። የከሰሉን ደግሞ በጊዜው ካልቀየርሽው እሱ ራሱ የባክቴሪያ ማራቢያ ነው የሚሆነው። ምን እንዳለበት ሳናውቅ የምናደርገው ሁሉ በጨለማ መድኃኒት እንደመዋጥ ነው፣ የውሃው ምርመራ ሪፖርት ይውጣልን።

አልስማማም፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አቅም ያለው የታሸገ ውሃ ገዝቶ ከጉዳዩ ውስጥ ይወጣል፣ ከዛ በቧንቧው የሚጮኸው አቅም የሌለው ብቻ ይሆናል፣ የሱን ጩኸት ማን ሰምቶት ያውቃል? የአሜሪካዋን ፍሊንት ከተማ አስታውሱ። በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2014 የውሃ ምንጩን ወደ ወንዝ ቀየሩና ፓይፑ እንዳይበላ የሚጨመረውን ኬሚካል ሳይጨምሩ ቀሩ፣ ወንዙ የእርሳስ ፓይፑን እየላሰ ሰው ቤት ገባ። ነዋሪው ቡናማ ውሃ በጠርሙስ ይዞ ስብሰባ ላይ ሲጮህ መልሱ "ችግር የለውም" ነበር። ወደ ድሮው ምንጭ የተመለሱት በፈረንጆቹ ጥቅምት 2015 ነው፣ እሱም ከውጪ የመጡ ተመራማሪዎችና ሐኪሞች በቁጥር ካፋጠጧቸው በኋላ።

የልጆች እናት፦ @አልስማማም ወንድሜ ንግግርህ ያምራል፣ ግን እኔ በልጆቼ ሆድ ሰላማዊ ሰልፍ አልወጣም። ቧንቧው እስኪስተካከል ምን ላጠጣቸው?

አልስማማም፦ አፍዪ፣ ግዢም። ገዝተሽ ዝም አትበይ ነው ያልኩት።

ጥሬ ሀቅ፦ ቆይ ቆይ፣ ሰው ሁሉ ሪፖርት ይውጣ ሪፖርት ይውጣ ይላል፣ ወጥቶ ማን ያነበዋል? ተራው ሰው አንድ ቁጥር አይቶ ነው የሚሸበረው፣ ከዛ የቧንቧውን ትቶ ከየትም የጉድጓድ ውሃ ይቀዳል፣ እሱ ደግሞ የባሰ።

ላብራቶሪዋ፦ ሽብሩ የሚመጣው ከመደበቅ ነው። ዎከርተን የምትባል የካናዳ ከተማ በፈረንጆቹ ግንቦት 2000 ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ውሃዋ ውስጥ ገብቶባት 7 ሰው ሞተ፣ ከ2,000 በላይ ታመመ፣ የሕዝቧ ቁጥር 5,000 አካባቢ ሆኖ። ሲጣራ ምን ተገኘ መሰለህ፣ ክሎሪኑን በወጉ ሳይለኩ መዝገብ ላይ ዝም ብለው ቁጥር ይሞሉ ነበር። ወረቀቱ ንጹህ ነበር እኮ! ለዛ ነው እኔ ጣቢያው ላይ የተለካ ቁጥር አይበቃኝም የምለው፣ ከየሰፈሩ መጨረሻ ቧንቧ የተቀዳ፣ ውሃ ጠፍቶ በተመለሰ ቀን የተቀዳ ቁጥር ይለጠፍልን። ቀሪ ክሎሪን ለማየት እኮ ላብራቶሪም አያስፈልግም፣ ለዚሁ የተሠራች መመርመሪያ ኪኒን አለች፣ እሷን ናሙናው ውስጥ ትጨምራለህ፣ ክሎሪን ካለ ሮዝ ይሆናል፣ ከቀለሙ ሰንጠረዥ ጋር ማስተያየት ነው።

የቧንቧ ሰው፦ ስትለኪ ግን ከታንከር በፊት ካለው ቧንቧም ለኪ። ስንቱ ቤት የመንገዱን መስመር ይረግማል፣ ጣራው ላይ ያለውን ታንከር ከተገጠመ ጀምሮ አጥቦት አያውቅም። የራሴን አምና ስከፍተው እኔ ባለሙያ ተብዬው ከስሩ ግማሽ ጣት የሚሆን ጭቃ ነው ያገኘሁት፣ አፍሬ ለሰው አልተናገርኩም፣ ዛሬ ገና ነገርኳችሁ።

ጠያቂው፦ ይሄን አንብቤ ለወዳጄ ደወልኩ። ያንተ ውሃ ቀጥታ ከመንገድ ነው ወይስ ከታንከር ብለው አያውቅም። ሄጄ አብረን ጣራ ወጣን። ታንከር ነው። ክዳን የለውም።

ጥሬ ሀቅ፦ ኧረ! ዛሬ ጠጥቶ ነበር?

ጠያቂው፦ ጠዋት ሁለት ብርጭቆ። "እስካሁን ምን ሆንኩ" እያለኝ ነው።