«ራን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አስቸገረኝ፤ እንዴት ልያዘው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እንግሊዝኛ ማንበብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ረጃጅሞቹን ቃላት መዝገበ ቃላት ገልጬ አገኛቸዋለሁ፤ ያቃተኝ ይህ ባለ ሦስት ፊደል «ራን» ነው። የተማርኩት «ሮጠ» ማለት ነው ተብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ዊ ሃቭ ራን አውት ኦፍ ፔፐር» ብላ ጻፈችልኝ። ወረቀት ሊያመጡ ሮጠው ወጡ ማለቷ መስሎኝ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ፣ ለካ «ወረቀት አልቆብናል» ማለቷ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ ሳይ አፍንጫም፣ ቧንቧም፣ ድርጅትም፣ ኮምፒውተርም «ራን» ያደርጋል። ትርጉሞቹን ደብተር ላይ መዘርዘር ጀምሬ 23 ስደርስ ተውኩት። ሁሉንም መሸምደድ አለብኝ? መላ በሉኝ።

መምህር፦
ወንድሜ፣ መሸምደዱን ተወው። በ1989 እ.ኤ.አ. በወጣው የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም፣ በትርጉም ብዛት የሚታወቀው «ሴት» የሚለው ግስ ነበር (አኖረ፣ አስቀመጠ የሚለው)፤ 430 ፍቺ ተቆጥሮለታል። በኋላ አዘጋጆቹ መዝገቡን ሲከልሱ «ራን» 645 ፍቺ ይዞ በለጠው። ይህን ያህል በቃሉ የያዘ እንግሊዛዊ የለም።

ይልቅ ከሥሩ ያለውን ሐሳብ ፈልግ፦ ሳይቋረጥ መሄድ፣ መፍሰስ። ወንዝ ይፈሳል፣ ቧንቧ ይወርዳል፣ አፍንጫ ይዝረበረባል፣ ልብስ ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል፣ መንገድ ከዚህ እስከዚያ ይዘልቃል፣ ቴአትር ለወራት ይታያል። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ «ራን» ይበቃዋል። ቀጥሎ፣ አንድን ነገር እንዲሄድ የሚያደርገው ሰውም «ራን» ያደርጋል፦ ድርጅት ሲመራ፣ ማሽን ሲያስነሳ፣ ፕሮግራም ሲያስኬድ።

አስተርጓሚ፦
መምህር ያሉት ብዙ ያስኬዳል፣ ግን ሁሉን አይሸፍንም። ለምርጫ መወዳደር «ራን ፎር» የሚባለው ከእሽቅድምድም የመጣ ነው እንጂ ከመፍሰስ አይደለም። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ለዚሁ ነገር «ስታንድ»፣ ማለትም «ቆመ» የሚለውን ሲጠቀሙ ታገኛለህ።

አንተን ያሳሳተህ ከግሱ ኋላ የመጣችው ቃል ናት። «ራን ኢንቱ» ተከትሎት ሰው ከመጣ በድንገት አገኘ፣ ችግር ከመጣ ገጠመው፣ ግድግዳ ከመጣ ተጋጨ። «ራን ኦቨር» መኪና ሲሆን ሰው መግጨት ነው፣ ስብሰባ ሲሆን ግን ከሰዓቱ ማለፍ። «ራን አውት ኦፍ» ላይ አንድ ነገር አጥብቀህ ያዝ፦ በአማርኛ ባለቤቱ ያለቀው ነገር ነው፤ «ወረቀቱ አለቀብን» እንላለን፣ እኛ ያለነው «ብን» ውስጥ ነው። በእንግሊዝኛው ባለቤቱ «ዊ» ነው። ሯጭ የመሰሉህም ለዚህ ነው።

ጊዜውንም አትርሳ። የአሁኑ «ራን» ሲያልፍ ወደ «ሬን» የቀረበ ድምፅ አለው፤ ከ«ሃቭ» በኋላ ግን ተመልሶ «ራን» ይሆናል። የባልደረባህ ዓረፍተ ነገር ላይ ያለው ይኸኛው ነው።

የደብተር ወዳጅ፦
አንተ ራስህ ርዕስህ ላይ «እንዴት ልያዘው» ብለሃል! ሌባ ያዘ፣ ጉንፋን ያዘው፣ ቀጠሮ ያዘ፣ ቂም ያዘ፣ ዝናብ ያዘን፣ ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል። ማን ዘርዝሮ አስተማረህ? አማርኛ የሚማር ሰው «ችግኙ ያዘ» የሚለውን ሰምቶ ምን እንደያዘ ቢጠይቅህ «ጸደቀ ማለት ነው» ብለህ ታልፋለህ። ቃሉን ያወቅኸው ከጎረቤቶቹ ጋር ነው።

እኔ ደብተሬ ላይ ቃሉን ብቻውን አልጽፍም። ያገኘሁትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ እገለብጥና ከሥሩ በአማርኛ ሰው እንዴት እንደሚለው እጽፋለሁ። «ሮጠ» የሚለውን ግን እውነተኛ እግር ከሌለ አልጽፍም። ያለፈው ወር ገጼ ላይ 11 ዓረፍተ ነገር አለ፤ ሩጫ ያለበት አንዱ ብቻ ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። 23ቱን መስመሮች ሰርዤ እንደተባልኩት በዓረፍተ ነገር ጀምሬያለሁ። ዛሬ ያገኘሁት ይኸው፦ «ዘ ቻይልድ ኢዝ ራኒንግ ኤ ፊቨር»። መጀመሪያ ከመፍሰስ ጋር ላገናኘው ሞከርኩ፣ አልሆነም። ኋላ ጎረቤቱን አየሁ፤ ትኩሳት ነው። «ልጁን ትኩሳት ይዞታል» ብዬ ጻፍኩ። ልክ ነኝ?

አስተርጓሚ፦
ልክ ነህ። እንዳለ ተወው፣ አትነካካው።