«አሌጅ»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ተርጓሚው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። የነዳጅ መርከብ የጭነት ሪፖርት እየተረጎምኩ ነው። «የ4ኛው ታንክ አሌጅ 1.20 ሜትር» ይላል። ከእኔ በፊት የጀመረው ሰው «ቀሪ ፈሳሽ 1.20 ሜትር» ብሎታል። የታንኩ ቁመት ግን 12 ሜትር ነው። ታዲያ መርከቡ ባዶውን ነው የሚሄደው? አጭር ቃል ስጡኝ፣ የሰንጠረዡ ዓምድ ጠባብ ነው። ነገ ጠዋት አስረክባለሁ።

ለኪው፦
ሰውዬው ገልብጦታል። አሌጅ ከፈሳሹ በላይ ያለው ክፍት ቦታ ነው። ሜትሩን ከላይ ከመለኪያው አፍ ትሰዳለህ፣ ፈሳሹን እስኪነካ 1.20 ከሄደ ከታች 10.80 ሜትር ነዳጅ አለ ማለት ነው። እስከ ወለሉ ወርዶ ጥልቀቱን መለካትም ይቻላል። ነዳጁ ወፍራም ከሆነ ግን ሜትሩ ተለውሶ ይወጣል። ከላይ ሲለካ የሚቆሽሸው ጫፉ ብቻ ነው። ከዚያ 1.20ን የታንኩ ሰንጠረዥ ላይ ፈልገህ ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ ታነባለህ።

ፊደል ቆጣሪ፦
«ጉድለት» በለውና ተገላገል። የሰራፕታዋ መበለት ዘይት ከማሰሮው አልጎደለም ይላል መጽሐፉ። ፈሳሽና መጉደል የቆየ ዝምድና አላቸው።

ሳቅ በሳቅ፦
«ጉድለት 1.20 ሜትር» ብለህ ጻፍና ኦዲተር መጥቶ ካፒቴኑን ይዞት ይሂድ 😂

የአብነት ልጅ፦
ቃሉ እጃችሁ ላይ እያለ ትደክማላችሁ። ሕጸጽ! የጨረቃ ወር 30 መሙላት ሲገባው 29 ላይ ሲቆም፣ ያቺ የጎደለችው ቀን በባሕረ ሐሳብ ሕጸጽ ትባላለች። በዓመት 6 ናት። 5ቱን የጳጉሜን ቀን ስትጨምርባት 11 ትሆናለች፣ አበቅቴ የምትቆጠረው ከዚያ ነው። ለመሙላት የቀረው ልክ ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

ፊደል ቆጣሪ፦
ዛሬ «የታንኩ ህፀፅ» ብትል አንባቢው ታንኩ ተቀዷል ብሎ ነው የሚሮጠው።

የአብነት ልጅ፦
በመጀመሪያ በሐመሩ ሐ ቤት ነው፣ ጸውም የጸሎቱ ነው። ሁለተኛ፣ እኔ ይህን የተማርኩት ከመምህር እግር ሥር ቁጭ ብዬ ነው፣ ከስልክ ላይ አይደለም።

ተርጓሚው፦
«ባዶ» ብለውስ? ሁለት ፊደል ናት።

ለኪው፦
ባዶ አይደለማ! ትነት አለበት። እሳት እንዳይነሳ ኦክስጅኑ የተመናመነ ጋዝ ይሞሉበታል። ቦታው ራሱ ታስቦበት የሚተው ነው፣ ነዳጅ ሲሞቅ ያብጣላ። ታንከር አብዛኛውን ጊዜ ከ98 በመቶ በላይ አይሞላም።

ሥር ፈላጊ፦
ዘግይቼ መጣሁ። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ነው፣ ሥሩ የላቲኑ ኦኩሉስ፣ ዓይን። የበርሜሉን ቀዳዳ ዓይን ይሉት ነበር፤ የጎደለውን እስከ ዓይኑ መሙላት ነው ነገሩ። አሁን ልብ በሉ፦ በግእዝም ዐይን ምንጭ ማለት ነው። ፈሳሽ የሚወጣበትን ቀዳዳ እኛም እነሱም ዓይን አልን። ይህ አጋጣሚ ነው? እኔ ቃሉ ከዚህ ሄዷል ባይ ነኝ።

የአብነት ልጅ፦
ዕብራይስጡም ዐረብኛውም ምንጭን ዐይን ይላሉ፣ ፈረንሳይን በምን አገባሃት? ደግሞ የእኛ ዕቃ የሚሞላው እስከ አፉ ነው። በቃና ጋኖቹን «እስከ አፋቸውም ሞሉአቸው» ነው የሚለው። ዓይን የሚባል ነገር የለም።

ሳቅ በሳቅ፦
እነሱ በዓይናቸው ይጠጣሉ በቃ።

ለኪው፦
ነገር ልጨምርባችሁ። ድሮ የእንግሊዝ ጉምሩክ በርሜል ለኪዎች ሁለት አሌጅ ነበራቸው። ደረቁ የጎደለው ነው፣ እርጥቡ ደግሞ በርሜሉ ውስጥ የቀረው ፈሳሽ። ስለዚህ «ቀሪ ፈሳሽ» ያለው ሰውዬ ከሜዳ አላመጣውም። ቦታው ነው የተሳሳተው።

ፊደል ቆጣሪ፦
እንግዲያው ለእርጥቡ «ቅሬታ»! ቀረ ከሚለው ነው፣ ትራፊ ማለት ነው። «ቅሬተ አካል» እንላለን አይደል?

ሳቅ በሳቅ፦
«የ4ኛው ታንክ ቅሬታ 10.80 ሜትር»። ለማን ነው ያቀረበው? እውነቴን ነው፣ አማርኛ ላይ የጎደለና የቀረ ነገር ሁሉ መጨረሻው ክስ ነው። ጉድለት ሌብነት ሆነ፣ ሕጸጽ ስሕተት ሆነ፣ ቅሬታ አቤቱታ ሆነ። ዝም ብሎ የጎደለ ነገር የለንም?

የአብነት ልጅ፦
አለን። ሕጸጽ።

ተርጓሚው፦
ነጋ፣ አስረከብኩ። «አሌጅ» ብዬ እንዳለ ተውኩትና ከሥር «ከመለኪያው አፍ እስከ ፈሳሹ ገጽ» የሚል ማብራሪያ ጨመርኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

የአብነት ልጅ፦
በየትኛው «አ» ጻፍከው?

ተርጓሚው፦
በአልፋው።

ሥር ፈላጊ፦
ሥሩ ዓይን ሆኖ ሳለ? በዐይኑ «ዐ» መጻፍ ነበረበት እንጂ!