ከሶማሊያ ምርኮ ተመልሶ ላረፈው አባቴ ሜዳይ ለመጠየቅ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የአሥር አለቃው ልጅ፣ አዳማ

ሰላም ለሁላችሁም። እርዳታችሁን ፈልጌ ነው።

አባቴ የምድር ጦር አሥር አለቃ ነበር። በ1969 መጀመሪያ ላይ ከናዝሬት ባቡር ጣቢያ ተሳፍሮ ወደ ምሥራቅ ሲሄድ እናቴ እኔን ነፍሰ ጡር ነበረች። በኦጋዴን ጦርነት፣ መስከረም 1970 ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር ስትያዝ ተማረከ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ መጋቢት 1980 ተስማሙና በዚያው ዓመት ነሐሴ ምርኮኞቹ ተመለሱ። አባቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

አምና አረፈ። ከአልጋው ሥር ያለውን የብረት ሳጥን ስንከፍት በወታደር ልብስ የተነሣው አንድ ፎቶ፣ ሁለት የቀይ መስቀል መልእክትና አንድ ማንኪያ አገኘን። ማንኪያው ከቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው፤ እጀታው ላይ የእናቴ ስም በምስማር ተጽፏል። ሜዳይ የለም። የምርኮኝነት ማስረጃም የለም።

እናቴን ይዤ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለን ሰው «ምርኮኛ ደግሞ ምን ሜዳይ አለው?» አለን። እናቴ ምንም አልመለሰችም። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችና «እንሂድ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ እንኳ በደንብ አትበላም።

ገንዘብ አይደለም የምንፈልገው። በስሙ የተጻፈ ነገር ብቻ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ጡረተኛ ሻምበል ባሻ፣ አዳማ

ልጄ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

መጀመሪያ ያ ሰውዬ ያላችሁን ከልባችሁ አውጡት። እጅ መስጠትና መማረክ አንድ አይደለም። ጥይቱ አልቆ፣ ጓዱ ወድቆ፣ ቆስሎ የተያዘ ሰው አገሩን አልካደም። ይሄ ንቀት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኛ ምልምል ሆነን ስንገባ የሚነገረን የቃኘው ሻለቃ ታሪክ ነበር። በኮርያ 121 ሰው ሞቶ፣ 536 ቆስሎ፣ አንድም ሰው አልተማረከም። እውነት ነው፣ ያኮራል። ግን ያንን ኩራት ይዘን የኦጋዴኑን ምርኮኛ አንገት አስደፋነው። አባትሽ ዝም ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ብዙዎቹ ዝም ብለው ነው ያለፉት።

አብራሪው ለገሰ ተፈራ በዚያው ጦርነት አውሮፕላናቸው ተመታ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሶማሊያ ታሰሩ። ሲመለሱ በጀግንነት ነው የተከበሩት። ለአብራሪው የሠራ ለእግረኛውም መሥራት አለበት።

አሁን ወደ ሥራው። አብረዋቸው የታሰሩ ሰዎች ፈልጊ። ዛሬ ነገ አትበይ፤ ሁሉም ሸምግለዋል። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ካገኘሽ ቃላቸውን በጽሑፍ ተቀበዪ። ከየት ክፍል እንደነበሩ፣ የት እንደተያዙ፣ የትኛው ካምፕ አብረው እንደነበሩ ይጻፍ፤ ይፈርሙበት። ቀብር ላይ የመጡ ሽማግሌዎች ካሉ ከእነሱ ጀምሪ።

መልስ፦ የምርኮኛ ልጅ፣ ሐዋሳ

እህቴ፣ የእኔም አባት እዚያው ነበሩ። እኛ መንገዱን ያገኘነው ከሜዳዩ በፊት የምርኮኝነት ማረጋገጫ ስናወጣ ነው።

በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነት መሠረት አንድ ምርኮኛ ካምፕ በገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካርድ የመሙላት መብት አለው። አንዱ ካርድ ለቤተሰብ፣ አንዱ ጄኔቫ ላለው የምርኮኞች መረጃ ማዕከል ነው። በዚያ ጦርነት ካርዱ በጊዜው ለሁሉም ባይሞላም የቀይ መስቀል ሠራተኞች እስረኞችን ሲጎበኙ ስማቸውን ይመዘግቡ ነበር። ያ መዝገብ ዛሬም አለ። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ከመዝገቡ አይቶ፣ «እገሌ በዚህ ጊዜ ምርኮኛ ነበር» የሚል ወረቀት ለራሱ ለምርኮኛው ወይም ለቅርብ ቤተሰብ ይጽፋል። ክፍያ የለውም። ማመልከቻው እዚያው አዳማ ባለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ፣ ወይም አዲስ አበባ ባለው የኮሚቴው ቢሮ ይጀመራል።

ሳጥኑ ውስጥ ያገኘሽው መልእክት ወርቅ ነው! ግልባጩን አስይዢ፤ ዋናውን ለማንም እንዳትሰጪ። ጀርባውን ገልብጠሽ እዪ። የእኛው ላይ ቁጥር ነበረበት፤ ፍለጋውን ያቀለለልን እሱ ነው። ታዲያ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኛ ወራት ጠብቀናል።

መልስ፦ መዝገብ ቤት የሠራሁ፣ አዳማ

በአብዛኛው ፋይል «የለም» የሚባለው በስም አጻጻፍ ምክንያት ነው። ሃያ ዓመት ያየሁት ይሄንን ነው።

የጄኔቫዎቹ መዝገብ የተጻፈው በላቲን ፊደል ነው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። ስለዚህ የአያትም ስም ይጨመር። ጸሐፊው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከሆነ «ጌታቸው»ን እንግሊዝኛ ተናጋሪው ከሚጽፈው በሌላ ፊደል ነው የሚጽፈው። አምስት ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ዘርዝረሽ ስጪ። የቤት ስም ወይም የክርስትና ስም ካላቸው እሱንም።

ቀን ስትጽፊ በሁለቱም አቆጣጠር ይሁን። መስከረም 1970 ማለት በፈረንጆቹ መስከረም 1977 ነው። ዝም ብለሽ 1970 ካልሽ ጦርነቱ ሳይጀመር ተማረከ ብለሻቸዋል ማለት ነው።

ሌላው የቦታ ስም ነው። በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ «አዳማ» ብለሽ አትፈልጊ። ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ የረርና ከረዩ አውራጃ፣ ናዝሬት ነው የሚለው።

አባትሽ ጡረታ ይበሉ ነበር? ከሆነ የጡረታ ፋይላቸው ውስጥ የአገልግሎት ዘመናቸው የተቆጠረበት ወረቀት አለ። የምርኮው ዓመታት በአገልግሎት ተይዘው ከሆነ ትልቅ ማስረጃ ነው። እናትሽ የትዳር ጓደኛ ስለሆኑ የፋይሉን ቅጂ ራሳቸው ይጠይቁ።

መልስ፦ ነጋዴ፣ አዳማ

አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ የቅርስ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች የደርግ ጊዜ ሜዳይ አላቸው። እናትሽ እንዲጽናኑ አንድ ገዝተሽ ፎቷቸው ጎን ብታደርጊውስ? በቅንነት ነው የምለው።

መልስ፦ ጡረተኛ ሻምበል ባሻ፣ አዳማ

ወንድሜ፣ ቅንነትህ ይገባኛል። ግን ያ ሜዳይ የሌላ ሰው ደም ነው። ቸግሮት የሸጠው አለ፤ ቤተሰቡ ሳያውቅ የወጣም አለ። ሴትዮዋ ባላቸው ያልተሸለሙትን በደረታቸው ላይ አያደርጉላቸውም። ተወው።

መልስ፦ ጠበቃ፣ ሐዋሳ

እስካሁን የተባለው ልክ ነው። በወረቀት በኩል ያለውን ልጨምር።

የሞት ምስክር ወረቀት፣ የእናትሽ የጋብቻ ማስረጃ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልግሻል። ይህ የመጨረሻው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 996 መሠረት የሚወጣ ነው። ወንድምና እህት ካሉሽ ውክልና ይስጡሽ፤ ነገ «እኔ ሳልሰማ» የሚል እንዳይመጣ።

ከዚያ ለመከላከያ ሚኒስቴር በጽሑፍ አመልክቺ። ሁለቱን ጥያቄ አታደባልቂ። የመጀመሪያው ደብዳቤ የአገልግሎትና የሽልማት ማኅደራቸው እንዲታይ የሚጠይቅ ይሁን። ምናልባት ድሮ ተፈቅዶላቸው በእጃቸው ያልገባ ሜዳይ ሊኖር ይችላል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ስንቱ ነገር መንገድ ላይ ቀርቷል። ሁለተኛው ደብዳቤ ከሞቱ በኋላ ዕውቅና እንዲሰጣቸው የሚጠይቅ ነው። እሱን የቀይ መስቀሉ ወረቀትና የምስክሮቹ ቃል እጅሽ ከገባ በኋላ ነው የምታስገቢው። ባዶ እጅ ከሄድሽ ያው ቢሮ ያላችሁን ነው የምትሰሚው።

ደብዳቤውን በቃል ተነጋግረሽ አትመለሺ። መዝገብ ቤት ገቢ አድርጊ፣ ቀሪው ላይ ማኅተምና ቀን አስደርጊ። «እኔ አስጨርስልሻለሁ፣ ይህን ያህል ክፈዪ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጊበት።

የአሥር አለቃው ልጅ፣ አዳማ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም።

ትናንት ማታ መልሶቻችሁን ለእናቴ አነበብኩላት። ሻምበል ባሻ ስለ መማረክ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ተነሥታ ሳጥኑን ራሷ አመጣች። መልእክቶቹን ገለበጥናቸው። በአንደኛው ጀርባ በእርሳስ አምስት አኃዝ አለ፤ ደብዝዟል፣ ግን ይነበባል። በስልኬ አነሣሁት። የአባቴንም ስም አንድ ሰው ከላይ በላቲን ጽፎታል፤ እኛ ከምንጽፈው በጣም የተለየ ነው።

ጡረታውን ይበላ ነበር። ፋይሉን ለመጠየቅ እናቴ ሰኞ ራሷ እሄዳለሁ ብላለች። ቀብር ላይ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሞጆ እንዳሉ አስታወሰች። ስልካቸውን አገኘሁ። ነገ በጠዋት ሚኒባስ ይዘን እንሄዳለን፤ ማንኪያውንም ይዛ ልትሄድ ነው፣ «እሱን ሲያዩ ያስታውሱታል» ብላ።