ጠዋት 12 ሰዓት ከቤት የሚወጣ ሰው ሜዲቴሽን መቼና እንዴት ይልመድ?

ብሎክ ጥግ (ጥያቄ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሜዲቴሽን በየቀኑ መልመድ እፈልጋለሁ፤ ጀማሪ ነኝ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወጥቼ ማታ 2 ሰዓት አካባቢ እገባለሁ። ስንት ደቂቃ ልጀምር? ጠዋት ይሻላል ማታ? እግር አጣጥፎ መቀመጥስ የግድ ነው? 5 ደቂቃ ሳይሞላ ወገቤ ያቃጥለኛል፣ እግሬ ይደነዝዛል። ሰፈሩም ጸጥ የሚልበት ሰዓት የለውም። እባካችሁ «አእምሮሽን ባዶ አድርጊ» የሚል መልስ ይቅርብኝ።

ሰንበሌጥ

ከአቀማመጡ ልጀምር። ብዙ ሰው የሚያቆመው ሐሳቡ አልሰበሰብ ብሎት ይመስለዋል እንጂ ወገቡ ነው ያስቆመው።

ጉልበትሽ ከዳሌሽ ከፍ ካለ ዳሌሽ ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ጀርባሽ ይጎብጣል፤ ያን ጊዜ የወገብ ጡንቻ ብቻውን ይሸከምና ያቃጥላል። እግር ማጣጠፍ ግዴታ አይደለም። ግዴታው ዳሌ ከጉልበት በትንሹ ከፍ ማለቱ ነው።

ወንበር ላይ ተቀመጪ። ግን የተለመደው የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫው ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ተደግፎ ለመጨዋወት እንጂ ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ አይመችም። ጋቢ አራት ቦታ አጥፊና በመቀመጫው የኋላ ግማሽ ላይ አድርጊው። እሱ ላይ ስትቀመጪ ዳሌሽ ራሱ ወደ ፊት ዘንበል ይላል፣ ጀርባሽም ሳትታገዪው ይቃናል። መደገፊያውን አትንኪ። ሁለቱም እግሮችሽ ወለሉ ላይ ሙሉ በሙሉ ይረፉ። ወለሉ ሊሾ ከሆነ ካልሲ አድርጊ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ከእግር ሌላ ነገር ማሰብ አይቻልም። እጅ ታፋ ላይ፣ አገጭ ትንሽ ወደ ውስጥ።

መሬት ይሻለኛል ካልሽ ትራስ ብቻውን ይሰምጣል። የታጠፈ ብርድ ልብስ ከሥር፣ ትራስ ከላይ፣ ስትቀመጪበት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይኑረው። እግር የሚደነዝዘው በአብዛኛው ነርቭ ስለሚጫን ነው፤ ደንዝዞ ሳለ ዘለሽ አትነሺ፣ ቁርጭምጭሚት የሚወለመው ያኔ ነው።

ዝግታ

አቀማመጡ ተነግሯል፤ ተቀምጠሽ የምትሠሪውን ልጨምር።

ትንፋሽ በአፍንጫ። ስታስወጪ በልብሽ «አንድ» በዪ፣ ቀጥሎ ስታስወጪ «ሁለት»፣ እስከ አሥር፤ ከዚያ ወደ አንድ። ሐሳብ ሲወስድሽ (ይወስድሻል፣ አራት ላይ ሳትደርሺ የቤት ኪራይ ትዝ ይልሻል) እንደሄድሽ ባወቅሽበት ቅጽበት ራስሽን ሳትቆጪ ከአንድ ጀምሪ። ልምምዱ ያቺ ማወቋና መመለሷ ናት። በ5 ደቂቃ ውስጥ ሃያ ጊዜ ብትመለሺ ሃያ ጊዜ ሠራሽ ማለት ነው። ቁጥሩ 14፣ 15 ላይ ደርሶ ካገኘሽው ደግሞ አፍሽ ብቻ ነው የቆጠረው፤ እሱም ያው ከአንድ።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ትንፋሹን ሆን ብሎ ያስረዝማል፣ ደረቱን ይነፋል። ከልክ በላይ ሲተነፈስ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ራስ ያዞራል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል። አንዳንዱ ይህን «መንፈሳዊ ስሜት» ይለዋል። አይደለም። ትንፋሹን ተይው፣ አጭር ከሆነ አጭር ይሁን፤ አንቺ ቁጠሪ ብቻ።

ድምፅን በተመለከተ ጸጥታ አትጠብቂ። ንጋት ላይ ኪዳኑ በድምፅ ማጉያ፣ አዛኑ፣ ውሻው፣ ከታች የሚንጫጫው ረዳት ሁሉም ይኖራሉ። በሙዚቃ ልሸፍን ብትይ ጆሮሽ ዜማውን መከተል ይጀምራል። ድምፅ ሲመጣ «ይሰማል» ብለሽ ወደ ቁጥሩ ተመለሺ። የሚያስቸግረው የሰው ወሬ ነው፤ ቃሉ ከተሰማሽ ትርጉሙን ትከተያለሽ። የጎረቤት ግድግዳ ካለበት በኩል ራቅ ብለሽ ተቀመጪ።

ፌርማታ

ሰዓቱ ላይ ከብዙ ሰው አልስማማም። «ንጋት ላይ ነው» የሚባለው ቤቱ ለሥራው ቅርብ ለሆነ ሰው ነው። 12 ሰዓት የሚወጣ ሰው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሣ ቢባል ለሦስት ቀን ይነሣል፣ በአራተኛው ቀን ተቀምጦ ይተኛል። ከእንቅልፍ ቆርጦ ሜዲቴሽን ማድረግ ኪሳራ ነው።

ጠዋት 5 ደቂቃ ብቻ፣ ፊትሽን ታጥበሽ ልብስ ከመልበስሽ በፊት። «ከታጠብኩ በኋላ» የሚለው «11 ሰዓት ከሩብ ላይ» ከሚለው ይጠነክራል፤ ሰዓት ይዛነፋል፣ መታጠብ ግን አይቀርም። ጸሎት የምታደርጊ ከሆነ ከጸሎቱ ጋር አያይዢው። ማታ ከመረጥሽ ከራት በፊት ይሁን፤ እንጀራ በልተሽ ዓይንሽን ስትጨፍኚ እንቅልፍ እንጂ ሌላ አይመጣም።

ደቂቃው፦ ሁለት ሳምንት ሙሉ 5 ብቻ፣ ቢጥምሽም አትጨምሪ። ከዚያ 7፣ ከወር በኋላ 10። ኢንተርኔት ላይ በየቀኑ 45 ደቂቃ የሚል ካየሽ አትደንግጪ፤ እሱ ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት የጀመረው የ8 ሳምንት ሥልጠና ልክ ነው፣ አስተማሪና ቡድን አለበት።

አንድ ቀን ቢያመልጥሽ ከዜሮ ጀመርኩ አትበዪ። እ.ኤ.አ. በ2009 ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የወጣ ጥናት 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትሎ፣ አዲስ ልማድ ያለ ትግል እስኪሠራ በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ አግኝቷል፤ እንደ ሰውና እንደ ልማዱ ዓይነት ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለል ብዙም አልጎዳም። ስለዚህ «21 ቀን ይበቃል» የሚለውን እርሺው።

ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገሽ በሰዓት ቆጣሪው ተጠቀሚ፣ ከጀርባሽ አስቀምጪው። ከፊትሽ ካለ ስንት ቀረኝ እያልሽ ታያለሽ። አፕ አያስፈልግም፤ መብራትና ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ልምምዱም አብሮ ይጠፋል።

አውቶቡስ ላይ ወንበር ካገኘሽ እዚያም መቁጠር ይቻላል፣ ዓይን ሳይጨፈን። ቦርሳሽን ግን እቀፊ።

ብሎክ ጥግ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋቢውን አሁኑኑ ሞከርኩት፣ ለውጥ አለው። ሁለት ነገር ቀረኝ። ዓይኔን ስጨፍን አንዳንዴ ልቤ ይመታል፣ መነሣት መነሣት ይለኛል። ደግሞ ከሃይማኖት ጋር ይጋጫል የሚሉኝ አሉ።

ዝግታ

ሁለተኛው አጭር ነው። ትንፋሽን መከታተል በቡድሂስቶች ዘንድ የቆየ ልምምድ ነው፣ መደበቅ አያስፈልግም። በሆስፒታል የሚሰጠው ዓይነት ግን ስግደትም የሚደገም ቃልም የለውም። ልብሽ ካልረጋ የንስሐ አባትሽን ወይም የምትሰሚውን ኢማም፣ «ተቀምጬ ትንፋሼን እቆጥራለሁ» ብለሽ የምትሠሪውን ልክ እንደሆነው ነግረሽ ጠይቂ። «ሜዲቴሽን» የሚለው ስም ብቻውን ብዙ ያደናግራል።

የመጀመሪያው ይበልጣል። ዓይንሽን አትጨፍኚ፤ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፊትሽ ወለሉ ላይ አሳርፊው። ትንፋሹ ራሱ የሚያስጨንቅሽ ከሆነ ተይውና የእግርሽ መዳፍ ወለሉን ሲነካ የሚሰማሽን ተከታተዪ። ወደ 2 ደቂቃ ዝቅ በዪ። እሱም ካልሆነ ቆመሽ ከበር እስከ መስኮት በዝግታ ተራመጂ፣ እርምጃሽን ቁጠሪ፣ ዞረሽ ተመለሺ፤ ይህም ሙሉ ልምምድ ነው።

የልብ ምቱ ካልተቀመጥሽ ጊዜም የሚመጣ ከሆነ፣ ወይም ያለፈ ክፉ ነገር እየተመለሰ እንቅልፍ ከነሣሽ፣ «ልምምዱ ያድነኛል» ብለሽ አትግፊበት። አቁሚና ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ጤና ጣቢያ ብትጀምሪ ካስፈለገ ወደ አማኑኤል ዓይነት የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ይጽፉልሻል።

ሰንበሌጥ

ጋቢው ከሰነበተ ይጠፈጠፋል። በየሳምንቱ አራግፈሽ እንደገና እጠፊው፤ አለዚያ በሦስተኛው ሳምንት ወገቤ ተመለሰብኝ ትያለሽ።