የአሮጌው ቤት ቧልታይ፦ በሮቹ ግድግዳውን ያናውጣሉ፣ ተመልካቹ ውዥንብሩን አይከተልም

መጋረጃ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላይ የምናሳየው ቧልታይ አለን። አንድ ደላላ አሮጌ ቤት ሊያይ ይመጣል፤ እናትየው ግን ልጃቸውን ለመጠየቅ የተላከ ሽማግሌ ይመስላቸዋል። መድረኩ ላይ አራት በሮች አሉ፤ አንዱ በኃይል ሲዘጋ የአቡጀዲው ግድግዳ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው ችግር፣ ማን ምን እንዳወቀ ለተመልካቹ ይምታታበታል። ምን ይሻላል?

አናጢው፦
በሩን ከአቡጀዲው ጋር አታያይዙት፤ ለብቻው የሚቆም መቃን ይኑረው። መቃኑ 5 በ7 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ ይሁን። ሁለቱን ቋሚዎች ከታች በጠፍጣፋ ብረት እሰሯቸው፤ ይህ ከቀረ እግሮቹ ይከፈቱና በሩ በትክክል አይገጥምም። የእንጨት ደፍ ግን አታድርጉ፣ ሯጭ ተዋናይ ይጥላል። ከጀርባ በሁለቱም ጎን ሰያፍ ድጋፍ አቁሙ፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ 25 ኪሎ የአሸዋ ከረጢት ጫኑ። የጎን በሮች ወደ መድረኩ ጀርባ ይከፈቱ፤ ማጠፊያቸው ከተመልካቹ በራቀው ጎን ይሁን፤ ያኔ የተከፈተው በር ራሱ ጀርባውን ይከልላል። እውነተኛ ቁልፍ አትግጠሙ፣ የቁምሳጥን ማግኔት ይበቃል። ዙሪያውን 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ፤ በክረምት እንጨት ያብጣል።

ፊደል፦
ውዥንብሩ የሚምታታው ተመልካቹ እውነቱን ቀድሞ ስላላወቀ ነው። እናትየው ሳይገቡ ደላላው በስልክ «ቤቷን ላሳይህ ነው» ይበል። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን መስመር በመስመር ፈትሹ፦ ደላላውና እናትየው ሲነጋገሩ «ቤት» እና «ልጅ» የሚሉት ቃላት ከሁለቱም አፍ መውጣት የለባቸውም። አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳችኋል፤ ቤትም በፍቅር «እሷ» ትባላለችና። «ዕድሜዋ ገፋ ቢልም መሠረቷ ጥሩ ነው» ለሁለቱም ይሠራል። እናትየውም «ያለችኝ እሷ ብቻ ናት» ቢሉ ያስኬዳል። ደላላው ግን «እሳቸው» ካለ ነገሩ ይፈርሳል፣ ቤትን አንቱ የሚል የለም። «ዋጋዋን እንነጋገር» የሚለውን ለመጨረሻ አቆዩት፤ ከእሱ በኋላ እናትየው በትዕግሥት ሊቀመጡ አይችሉም።

ጓዳ፦
ከአንዱ በር ወጥቶ በሌላው የሚገባውን ሰው በሰከንድ ለኩ። ሩጫው 9 ሰከንድ ከፈጀ መድረክ ላይ ያለው ንግግር ቢያንስ 12 ይሁን። ከጀርባ 90 ሴንቲ ሜትር መተላለፊያ ክፍት ይሁን፣ ምንጣፍ ይነጠፍበት። ሳቅ ሲነሳ ቀጣዩን ቃል ያዙ፤ መውረድ ሲጀምር ተናገሩ፣ ፍጹም ጸጥታ ከጠበቃችሁ ግለቱ ይሞታል። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ዝናብ ቃሉን ይውጠዋል፤ ታሪኩን የሚሸከሙትን ንግግሮች ተዋናዮቹ ከመድረኩ ፊት፣ ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው ይናገሯቸው።