አቃቂ ወንዝ ከሳሽ ይሁን?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 ለዋንጋኑይ ወንዝ በአዋጅ የሕግ ሰውነት ሰጠች፤ ማለትም ወንዙ በሕግ ፊት እንደ ሰው ባለመብት ሆኖ በስሙ መክሰስ ይችላል። ለአቃቂስ ይሰጠው?

ትዕግስት፦ ይሰጠው! «ዘላቂ ልማት» ሲባል ሁሌ የሚታሰበው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. የ1987ቱ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን የብሩንትላንድ ሪፖርትም ስትጠቀም ለመጪው ትውልድ አስብ ነው ያለው። ጥሩ። ግን ወንዙ እዚያ ውስጥ ዕቃ ነው። ዋንጋኑይ ራሱ ባለመብት ሆነ። ሁለት ሞግዚቶች አሉት፤ አንዱ በመንግሥት፣ ሌላው በአገሩ ነባር ሕዝብ፣ በማኦሪ ጎሳዎች በኩል።

ዳዊት፦ ውሃ ወቀጣ። ሕግ ጠፍቶ ነው እንዴ? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ደግሞ ጉዳቱ ያልነካው ሰው እንኳ በካዩን መክሰስ ይችላል። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። እስቲ አፍንጫሽን ሳትይዢ አቃቂን ተሻገሪ።

ሳምሪ፦ ዴቭ፣ አዋጁን ጨርሰው እንጂ። መጀመሪያ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ አቤት ትላለህ። 30 ቀን ትጠብቃለህ። ከዚያ ነው ፍርድ ቤት። ሥራውን ትቶ ለጠበቃ ከፍሎ ይሄን የሚያደርግ ማነው? ለሞግዚት ግን እንጀራው ነው። ኒውዚላንድ ለወንዙ 30 ሚሊዮን የራሷን ዶላር መድባለች።

ጋሽ መኮንን፦ ልጆች፣ ህንድን አትርሱ። በዚያው በ2017 የኡታራካንድ ግዛት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጋንጀስና ያሙና ወንዞች በሕግ ሰው ናቸው ብሎ ፈረደ። የግዛቱ መንግሥት ይግባኝ አለ። ወንዙ ሞልቶ ሰው ቢገድል ካሳውን ማን ሊከፍል ነው? አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወራት ሳይቆይ አገደው። ሰው ከሆነ ይከሰሳላ!

ትዕግስት፦ ጋሽ መኮንን፣ እሱ እኮ ሕጉ ሲረቀቅ መልስ ያገኛል። የህንዱ በአንድ ፍርድ ድንገት የመጣ ነው። ማኦሪዎቹ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ተሟግተውበታል።

ዳዊት፦ እኔም የምለው እሱን ነው። እዚያ «እኔ ወንዙ ነኝ፣ ወንዙም እኔ ነው» የሚል ሕዝብ አለ። አቃቂን እንዲህ የሚለው ማነው? ቆዳ ፋብሪካው?

ሳምሪ፦ በዚያ ውሃ ሰላጣና ቆስጣ የሚያለማው ገበሬ። እኛው ከገበያ ገዝተን የምንበላውን። ሞግዚት ምረጪ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

ጋሽ መኮንን፦ ሳምሪዬ፣ ወንዙ በሞግዚቱ አፍ «እስክጠራ ድረስ በእኔ አታጠጡ» ቢል፣ መጀመሪያ የሚደርቀው የማን መደብ ይመስልሻል?