ሜሊና የማን ልጅ ናት? የኤልደን ሪንግ ክርክር

የሌሊት ተጫዋች፦

ኤልደን ሪንግ የተባለውን የቪዲዮ ጌም ያልጨረሳችሁ እዚሁ ተመለሱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስፖይለር ነው፤ ታሪኩን አስቀድሞ ይገልጣል።

ኤልደን ሪንግ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2022 ከወጣ ጀምሮ የሜሊና የዘር ሐረግ ጉዳይ መቋጫ አላገኘም። ጁን 2024 ላይ ዲኤልሲው (ተጨማሪው የጌሙ ክፍል) ሲመጣ ክርክሩ ያበቃል ብለን ነበር። ጭራሽ ባሰበት።

ለረሳ ሰው ላስታውስ። ሜሊና ገና ጌሙ ሲጀመር ግሬስ (የማረፊያ ብርሃን) አጠገብ ብቅ ብላ ፈረሳችንን ቶረንትን የምትሰጠን፣ ጠላት ገድለን የምንሰበስበውን ሩን ወደ ጉልበት የምትቀይርልን ልጅ ናት። ግራ ዓይኗ ሁልጊዜ ተከድኗል። ከላዩ ላይ የአውሬ ጥፍር የሚመስል ምልክት አለ። አካል የላትም፤ መንፈስ ናት።

ስለ እሷ ሁለት ቲዎሪ አለ፤ ሰው ግን ቀላቅሎ ነው የሚከራከረው። አንዱ የጌሙን ዓለም የምትገዛው የንግሥት ማሪካ ልጅ ናት ይላል። ሌላው ደግሞ ራሷ ባለ ምሽት ዓይኗ ንግሥት ናት ይላል። ያቺ አማልክትን በጥቁር ነበልባል ትገድል የነበረች፣ ጌሙ ውስጥ በወሬ ብቻ የምትነሳ ንግሥት ማለቴ ነው። የኔ አቋም ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ተረጋግጧል ለማለት ምንም አልቀረውም። ሁለተኛው ገና ግምት ነው።

ማስረጃዬ ከራሷ አፍ ይጀምራል። ዓላማዋን ከረጅም ዘመን በፊት እናቷ ኤርድትሪ የሚባለው ግዙፍ ወርቃማ ዛፍ ውስጥ እንደሰጠቻት ትነግረናለች። ተቃጥላ፣ አካል አልባ ሆና እስካሁን የቆየችው ለዚያው ነው። ኤርድትሪ ውስጥ ያለችው ደግሞ ማሪካ ናት። እዚያው ታስራለች።

የማሪካን ቃልም ለእኛ የምታደርሰው ሜሊና ናት። በየማሪካ ቤተ መቅደሱ ግሬስ ላይ ስናነጋግራት ንግሥቲቱ ጥንት የተናገረችውን ትደግምልናለች። ከእነዚህ አንዱ ማሪካ ለልጆቿ የተናገረችው ነው። ጌታም አምላክም፣ የፈለጋችሁትን ሁኑ ትላቸዋለች። ምንም መሆን ካቃታችሁ ግን ትጣላላችሁ፣ ከመሥዋዕትነት አታልፉም ትላለች። ይህን የምትነግረን ልጅ ናት በኋላ የግዙፎቹ እሳት ማንደጃ ላይ ወጥታ፣ ኤርድትሪን ለማቃጠል ጭራሮ ሆና የምትነደው።

ዋናው ግን ዲኤልሲው ያመጣው ነው። ሜስመር የማሪካ ልጅ ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። እሱን ስናሸንፍ የምናገኘው ማቀጣጠያ መግለጫው ላይ፣ ሜስመር እንደ ታናሽ እህቱ ሁሉ የእሳት ራእይ ነበረው ይላል። ታናሽ እህት! ከማሪካ ሴት ልጆች እሳት ዕጣዋ የሆነው የትኛዋ ናት? ሌላዋ ልጇ ማለኒያ ናት እንዳትሉኝ። የእሷ መከራ መበስበስ ነው።

ጥቁር ነበልባል፦

ወንድሜ፣ ግማሽ መንገድ ሄደህ ለምን ቆምክ? የማሪካ ልጅ መሆኗን እኔም አምናለሁ። ንግሥቲቱ መሆኗን ለመቀበል ምን ያዘህ?

ሦስቱ ጣቶች የሚባለው ፍጡር ጋ ወርደህ የእብደት ነበልባልን ተቀበልና ጌሙን ጨርስ። ሜሊና አስጠንቅቃህ ትለይሃለች። ዓለም ሁሉ ነዶ ካለቀ በኋላ ትመጣለች። ያ ተከድኖ የኖረ ዓይን ይከፈታል። ቀለሙን እዩት፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ሰማይ ነው። ከዚያ ምን ትላለች? የትም ብትሄድ ፈልጌ አገኝሃለሁ፣ የሚገባህን የታዘዘ ሞት አመጣልሃለሁ ነው የምትለው።

የታዘዘ ሞት ተራ ነገር አይደለም። ማሪካ ከዓለም ያወጣችው፣ አገልጋይዋ ማሊኬት ሰይፉ ውስጥ አሽጎ የሚጠብቀው ኃይል ነው። ባለ ምሽት ዓይኗ ንግሥት ማን አሸነፋት? የንግሥቲቱ ታላቁ ሰይፍ መግለጫ ራሱ ይናገራል፤ ማሊኬት እስኪያሸንፋት ድረስ አማልክት ገዳዩን ጥቁር ነበልባል የምትቆጣጠረው እሷ ነበረች። ማሊኬት አውሬ ነው። የሜሊና ዓይን ላይ ያለው ምልክት የአውሬ ጥፍር ነው። ከዚህ በላይ ምን ይነገራችሁ?

የሜሊናን ጩቤም አትርሱ። መግለጫው ላይ ከነበልባል ጎን የሚራመድ አንድ ቀን ከታዘዘ ሞት መንገድ ጋር ይገናኛል ይላል።

እህተ ሩን፦

ጥቁር ነበልባል፣ ዓይኑን በደንብ ነው የገለጽከው። ያ ትዕይንት እኔንም አስደንግጦኛል። ግን የታዘዘ ሞትን መጥራቷ ንግሥቲቱን አያደርጋትም። ወደዚያ መጨረሻ ለመድረስ መጀመሪያ ፋሩም አዙላ የሚባለው ቦታ ላይ ማሊኬትን መግደል ግድ ነው። እሱ ሲሞት የሞት ሩን፣ ማለትም የታዘዘ ሞት፣ ይፈታል። ከዚያ በኋላ የታዘዘ ሞት ዓለም ውስጥ ልቅ ነው፤ የአንድ ንግሥት ንብረት አይደለም። ሜሊና ስለ እሱ የምታወራው ከተለቀቀ በኋላ ነው።

ጩቤው ደግሞ እንዲያውም ያንተን ነገር ያፈርሳል። «አንድ ቀን ይገናኛል» ነው የሚለው። የወደፊት ነው። የሞት ነበልባል ንግሥት የነበረች ሰው ገና ከሞት ጋር ትገናኛለች ይባላል? ያው መግለጫ ጩቤው ተልእኮውን ለመፈጸም ለተነሳ ሰው የተሰጠ እንደሆነም ይናገራል። እሱ የተነገረን ታሪክ ነው፤ እናት ልጇን ትልካለች።

የተከደነ ዓይን ያላት እሷ ብቻ አይደለችም። የጠንቋይዋ የራኒ አሻንጉሊት አካልም አንድ ዓይኑ ተከድኗል። ራኒን ንግሥቲቱ ናት የሚል አላየሁም።

ጠራጣሪው፦

ሁለታችሁም ቸኩላችኋል። እኔ የመጀመሪያውን ቲዎሪም አልገዛውም።

«እናት» የሚለውን ቃል እንደ ልደት ምስክር ወረቀት አትያዙት። በዚህ ጌም ውስጥ ማሪካ የሁሉም እናት ተደርጋ ነው የምትታየው። ከኤርድትሪ ግርጌ ተወለድኩ ማለትም የንግሥት ልጅ ነኝ ማለት አይደለም። የማሪካ ልጆች ሲቆጠሩ እንያቸው። ከመጀመሪያ ባሏ ከጎድፍሬይ ጎድዊን፣ ሞርጎትና ሞግ። ከሁለተኛው ባሏ ከራዳጎን ሚኬላና ማለኒያ። ሜሊና የት አለች? ማንም አንድ ቦታ ላይ ግማሽ አምላክ ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

በሰዉ ዘንድ ትልቁ ማስረጃ ስሟ በኤም መጀመሩ ነው። ስሞቹ ጂ፣ አር እና ኤም ናቸው፤ የደራሲው የጆርጅ አር. አር. ማርቲን ፊደላት ናቸው፤ ስለዚህ ኤም ሁሉ የማሪካ ነው ይባላል። ማርቲን የዓለሙን የጥንት ታሪክ ጻፈ እንጂ በፊደሎቹ እንዳልተጫወተ ራሱ በብሎጉ ላይ ጽፎ አስተባብሏል። እሱ ከወደቀ ምን ቀረላችሁ? አንድ «ታናሽ እህት» የሚል ሐረግ፣ ያውም ስም ያልጠራ።

ሌላም ልጨምር። የጌሙ ዳይሬክተር ሚያዛኪ በልጅነቱ ከአቅሙ በላይ የሆኑ መጻሕፍት ሲያነብ ያልገባውን ቦታ በራሱ ምናብ ይሞላ እንደነበር ተናግሯል። ጌሞቹንም የሚሠራው እንደዚያ ነው። ክፍተቱ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። መልስ ያለው አስመስሎ መከራከር ሥራውን አለመረዳት ነው።

የሌሊት ተጫዋች፦

ጠራጣሪው፣ የፊደሉን ነገር ጥለህ ጥሩ አድርገሃል። እኔም አላነሳሁትም።

ዝርዝሩ ላይ ግን አልስማማም። እስከ 2024 ድረስ ያንተ ዝርዝር ውስጥ ሜስመርም አልነበረም። አንድ ሰው 2023 ላይ ማሪካ ቀይ ጸጉር ያለው፣ ጥላ አገር ውስጥ የተደበቀ ልጅ አላት ቢልህ በዚሁ ዝርዝር ነበር የምትመልሰው። ማሪካ የምትደብቀው ልጅ እንዳላት አሁን እናውቃለን። ስለዚህ «ስሟ አልተጠራም» ማለት ከእንግዲህ ምንም አያረጋግጥም። መደበቅ የዚህች ንግሥት አመል ነው።

ስለ ሚያዛኪ የተናገርከው ልክ ነው፤ የምትደርስበት ቦታ ግን ልክ አይደለም። ክፍተት አለ ማለት ጌሙ ምንም አልተናገረም ማለት አይደለም። ክፍተቱ ዙሪያ የተጻፈ ነገር አለ። ልጁ ሚያዛኪም ያልገባውን ሲሞላ የገባውን ገጽ አልቀደደም። ታናሽ እህት፣ የእሳት ራእይ፣ ኤርድትሪ ውስጥ ያለች እናት፤ እነዚህ የተጻፉ ናቸው። ክፍተቱ የሚጀምረው ከእነሱ ቀጥሎ ነው።

ይህን አጥብቄ የምይዘው በምክንያት ነው። ጌሙ በአማርኛ የለም። መግለጫዎቹ ደግሞ በቆየ እንግሊዝኛ ነው የተጻፉት፤ ብዙ ሰው አያነባቸውም። ስለዚህ ሎሩን (የጌሙን ዓለም ታሪክ) የምንሰማው ከዩቲዩብ ነው። አንድ ዩቲዩበር «ሜሊና ንግሥቲቱ ናት» ብሎ በእርግጠኝነት ይናገራል፤ በሳምንቱ እኛ ሰፈር «ጌሙ ላይ ተጽፏል» ተብሎ ይወራል። አልተጻፈም። የተጻፈውንና የተገመተውን ለይተን መያዝ አለብን።

እህተ ሩን፦

አንድ ማስረጃ ረስታችኋል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው።

የጌሙ ዋና ከተማ ሌንዴል ላይ ሞርጎትን ስትገጥሙ ሜሊናን መጥራት ትችላላችሁ። ቦስ (ትልቅ ባላጋራ) ቶሎ ለመጣል የሚሮጥ ሰው ልብ አይለውም፤ እስቲ ቆማችሁ ምን እንደምታደርግ እዩ። ጩቤዋን ትሰነዝራለች፣ መሃል ላይ ትንሽዬ ወርቃማ ዛፍ ታበቅላለች። ዛፉ አጠገቡ ያለውን ይፈውሳል። በ2022 ያንን ምትሃት ተጫዋች የሚያገኝበት መንገድ አልነበረም። የእሷ ብቻ ነበር።

ዲኤልሲው ላይ የሻማኖቹ መንደር አለች። የማሪካ የትውልድ መንደር ናት። ሰው የለባትም፤ አበባና ጸጥታ ብቻ ነው። እዚያ የምናገኘው ምትሃት ያው ትንሽ ኤርድትሪ ነው። መግለጫው የንግሥት ማሪካ ምስጢራዊ ምትሃት ይለዋል። ሥርዓት የሌለበት የወርቅ ደግነት ብቻ እንደሆነ ይናገራል።

ጠራጣሪው፣ ማሪካ ማንም የማያውቀውን የመንደሯን ምትሃት ለማን ታስተምራለች? ለተላላኪ?

ጠራጣሪው፦

እህቴ፣ ይሄኛው ከበድ ይላል፤ ልክ ነሽ። የሞርጎቱን አይቼዋለሁ፣ ከመንደሯ ጋር ግን አላገናኘሁትም ነበር። አሁንም ስም የጠራ ጽሑፍ እስካላየሁ «ተረጋገጠ» አልልም። «ከሁሉ የሚቀርበው ማብራሪያ» ብትሉ እፈርማለሁ።

ጀማሪ ነኝ፦

ይቅርታ በመሃል ልግባ። ልጅ ከሆነች አባቷ ማን ነው? ሜስመር ጸጉሩ ቀይ ስለሆነ ራዳጎን ነው አሉኝ።

የሌሊት ተጫዋች፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀይ ጸጉር በዚህ ጌም ከግዙፎቹ ጋር የተያያዘ ነው። ራዳጎንም ቀይ ጸጉሩን ይጠላ እንደነበር፣ ምናልባት የግዙፎቹ እርግማን እንደሆነ የአንድ መሣሪያ መግለጫ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ብዙ ሰው ወደ ራዳጎን ይሄዳል። ግን ራዳጎን ራሱ ማሪካ ነው፤ ይሄ ጌሙ የገለጠው ትልቁ ምስጢር ነው። ቀዩ ጸጉር ከሌላ አባት ሳይሆን ከራሷ ከማሪካ ሊመጣ ይችላል። ጌሙ የሜስመርንም የሜሊናንም አባት አይጠራም። እሱ እውነተኛው ክፍተት ነው፤ እዚያ ላይ እንደፈለጋችሁ ገምቱ።

የእናትነቱ ነገር ግን ታሪኩን በሙሉ ስለሚቀይር ነው የምከራከረው። ሜሊና ተራ ረዳት ከሆነች፣ ኤርድትሪን ማቃጠል የታርኒሽድ (የእኛ የተጫዋቾቹ) ዓመፅ ነው፤ ትልቁ ኃጢአትም የእኛ ነው። የማሪካ ልጅ ከሆነች ግን ዛፏን እንድታቃጥል ልጇን የላከችው ራሷ ንግሥቲቱ ናት። የዓለሙን ሥርዓት የሚይዘውን ኤልደን ሪንግን በመዶሻ የሰበረችው ማሪካ፣ ጸጋውን ከወታደሮቿ ገፍፋ አባርራ ኋላ ተመለሱ ያለችው ማሪካ፣ ልጇንም ጭራሮ አድርጋ አስቀምጣለች። እኛ ከመጀመሪያው ግሬስ ጀምሮ በእሷ ዕቅድ ውስጥ ነን።

ጥቁር ነበልባል፦

በዚህ አብሬህ ነኝ። ግን ዓይኑን አልመለስክልኝም። ማን ከደነው?

የሌሊት ተጫዋች፦

ሜስመርን እይ። የሱንም አንድ ዓይን የወሰደችው እናቱ ናት። ውስጡ ያለውን እባብ ለማሰር በዓይኑ ቦታ የጸጋ ማኅተም አደረገችበት። ፍልሚያው ሁለተኛ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ያንን ማኅተም በገዛ እጁ አውጥቶ ይጨፈልቀዋል፤ እባቡም ይወጣል። ወንድምና እህት፣ ሁለቱም የእሳት ራእይ ያላቸው፣ ሁለቱም አንድ አንድ ዓይናቸው የታሸገ። የሜሊና ዓይን ወደ እናቷ ነው የሚያመለክተው። ወደ ማሊኬት ለመውሰድ ሌላ ማስረጃ ያስፈልግሃል።

ጥቁር ነበልባል፦

እሺ፣ አሻጊዋ ማሪካ ትሁን። ሜስመር ውስጥ የታሸገው እባብ ነው፤ አይተነዋል። የሜሊና ዓይን ሲከፈት ግን እባብ አልወጣም። የወጣው የሞት ዛቻ ነው። ማሪካ ከዓለም ሁሉ አስወጥታ የፈራችው ነገር ደግሞ ሞት ነው። ልጇ ውስጥ ያሸገችው ምን ነበር? እሱን እስክትመልስልኝ ድረስ ከንግሥቲቱ አልወርድም።

እህተ ሩን፦

እንደዚህ ስታቀርበው እቀበልሃለሁ። ከማሊኬት ጥፍር ይልቅ ከዚህ ብትጀምር ኖሮ ግማሹን ክርክር በቆጠብን ነበር። አሁን የቀረህ ጊዜው ነው። ንግሥቲቱ የተሸነፈችው መቼ ነው? ሜሊና የተቃጠለችውስ? ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ መግለጫ ካገኘህ አምጣው፤ እኔም የንግሥቲቱ ተከታዮች የሆኑትን የጎድስኪኖቹን ዕቃዎች እንደገና አነባለሁ።